«አካውንቴ ተጠልፏል» እያልን እስከ መቼ?

«ጓደኞቼ፣ አካውንቴ ስለተጠለፈ ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ስም የሚመጣላችሁ መልእክት የእኔ አይደለም። ብር ብጠይቃችሁ እንዳትልኩ።»

ይህን እዚሁ ገጽ ላይ በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ለጥፌዋለሁ። አራት ጊዜ! ከሥሩ የሚመጣው ኮሜንትም አራቱንም ጊዜ አንድ ነው። «አይዞህ ቲቸር»፣ «ምቀኛ ነው»፣ «ፈጣሪ ይፍረድበት»። አንዱማ «እንኳን አንተን ባንክም ይጠልፋሉ» ብሎ አጽናናኝ። እኔም በረዶ ማሳውን እንደመታበት ገበሬ አንገቴን ደፍቼ ተጽናናሁ።

በረዶ ግን ከሰማይ ነው የሚመጣው። የእኔው ከየት እንደመጣ አሁን ደርሼበታለሁ፤ ከሰማይ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ለአምስተኛ ጊዜ «ተጠለፍኩ» ልላችሁ ሳይሆን ልጣላችሁ ነው የመጣሁት። መጀመሪያ ከራሴ፣ ቀጥሎ ከስልክ ቤቶቻችን፣ ከዚያም «እኛን ድሆቹን ማን ይጠልፈናል» ከሚለው ከሁላችሁም ጋር። ረጅም ነው፤ የሰለቸው ይለፈው።

ከሦስተኛው ልጀምር፣ እሱ ነው ያቃጠለኝ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ጓሮ ጎመን እየቀነጠሰች አክስቴ ከብቸና በመጀመሪያው መኪና ተሳፍራ፣ ነጠላዋን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቃ ግቢ ገባች። እናቴን ቆማ ስታያት እዚያው በሩ ላይ ቁጭ አለች። ለካ ሌሊቱን በእኔ ፌስቡክ ለአክስቴ ልጅ፣ አረብ አገር ላለችው፣ «እማዬ በጠና ታማለች፣ ወደ ማርቆስ ልወስዳት ነው፣ የሰው አካውንት ነው የምልክልሽ፣ የእኔ ባንክ አይሠራም» የሚል ተጽፎላታል። ልጅቱ ደውላ ለማረጋገጥ ሞክራለች፤ የእኔ ስልክ ኔትወርክ የለውም። ምን ታድርግ? ከአሠሪዋ ተበድራ 18 ሺህ ብር ላከች። ለአክስቴ ደወለች። አክስቴም አለቀሰች።

እናቴ ነገሩ ሲገባት ያለችው አንድ ነገር ነው። «በእኔ ሞት ነገደብኝ በለኛ!»

በዚህ ጊዜ ነው «ፈጣሪ ይፍረድበት» የሚለው ኮሜንት ያስጠላኝ። 18 ሺህ ብር የሰው ቤት ወለል ተወልውሎ የተገኘ ነው። ፈጣሪ ይፈርዳል፤ እኔስ ምን ሠራሁ? ፓስወርዴን ቀየርኩ። በመጀመሪያውም ጊዜ ቀይሬ ነበር፣ በሁለተኛውም ቀይሬ ነበር። በየጊዜው እያስረዘምኩት ሄጄ የመጨረሻው የይለፍ ቃሌ የዳዊት መዝሙር ሊያክል ምንም አልቀረውም። በወሩ ግን ሌባው ተመልሶ ቁጭ ይላል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው መናገር የምፈልገው። ብዙ ሰው ፌስቡኬ ተጠለፈ፣ ቴሌግራሜ ተጠለፈ ይላል እንጂ ኢሜይሉን ዞር ብሎ አያየውም። «ኢሜይል የቢሮ ሰዎች ነው፣ እኔ አልጠቀምበትም» ትላላችሁ። አንድሮይድ ስልክ ከያዝክ ግን ወደድክም ጠላህም ጂሜይል አለህ፤ ፕሌይ ስቶር የሚከፈትልህ በእሱ ነው። ፌስቡክህ «ፓስወርድ ረሳሁ» ሲባል አዲሱን መግቢያ የሚልከው ለኢሜይልህ ነው። የስልክ ቁጥር መዝገብህ፣ ፎቶዎችህ በአብዛኛው እዚያ ነው የሚቀመጡት። የእኔ ደግሞ ዲፕሎማዬ ስካን ተደርጎ፣ መታወቂያዬ በፊትና በጀርባ፣ የተማሪ ፈተና ረቂቅ ሳይቀር እዚያው ነው የነበረው። ፌስቡክ ሳሎን ቢሆን ኢሜይል ጎተራው ነው። ሳሎኑን አሥር ጊዜ ብትቆልፈው ጎተራው ክፍት ከሆነ ምን ዋጋ አለው?

አራተኛው ጊዜ ሲደርስ አንድ የኮምፒውተር ትምህርት የሚያስተምር ጓደኛዬ «ና ቁጭ በል፣ በስልክ አይደለም በኮምፒውተር ነው የምናየው» አለኝ። ሦስት ሰዓት ቁጭ አልን። ያየሁትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ የመልሶ ማግኛ ስልክ የሚባል አለ። ፓስወርድ ሲጠፋብህ ኮድ የሚላክበት ቁጥር ማለት ነው። የእኔ ላይ የተመዘገበው በ47 የሚያልቅ ቁጥር ነው። የእኔ ስልክ በ47 አያልቅም! ጉግል ሁልጊዜ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ብቻ ስለሚያሳየኝ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። ስንት ዓመት ሙሉ ቤቴን እየቆለፍኩ ትርፍ ቁልፉ ግን የማላውቀው ሰው ኪስ ውስጥ ነበር። እኔ ፓስወርድ ስቀይር እሱ «ረሳሁት» ይላል፣ ኮዱ ይሄድለታል፣ ይገባል። በቃ። ጠላፊ የምንለው ጥቁር ኮፍያ ያጠለቀ ሊቅ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ጣቱን የነካ ሰው ነው።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ጂሜይል ውስጥ «ማጣሪያ» የሚባል ማስተካከያ አለ። አንድ ሰው እዚያ ገብቶ «ስለ ደህንነት የሚያወራ መልእክት ከጉግል ሲመጣ ሳይታይ ወደ ቆሻሻ ይጣል» የሚል ትእዛዝ ጽፎልኛል። ሌላው መልእክት ደግሞ ግልባጩ ወደማላውቀው ኢሜይል እንዲሄድ ተደርጓል። ስለዚህ «አዲስ ስልክ ወደ አካውንትህ ገብቷል፣ አንተ ነህ ወይ?» የሚለው ማስጠንቀቂያ ሲላክልኝ ከርሟል፤ እኔ ግን አንዱንም አላየሁም። ልብ በሉ፣ ይህ ማጣሪያና ግልባጭ መላኪያ ስልክ ላይ ባለው የጂሜይል አፕ አይታይም። በኮምፒውተር ብራውዘር ገብተህ ማስተካከያው ውስጥ ካልፈለግከው የለም። ኮምፒውተር የሌለው፣ በስልክ ብቻ የሚጠቀም ሰው፣ ማለትም አብዛኛው የአገራችን ሰው፣ ዕድሜ ልኩን ላያየው ይችላል ማለት ነው።

በነጋታው ያንን በ47 የሚያልቅ ቁጥር ይዤ በ2010 ዓ.ም. የመጀመሪያ ስማርት ስልኬን ወደገዛሁበት ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፣ ከተማውንም አልናገርም፣ ምክንያቱም ሁሉም ቤት እንደዚያው ነው። ያኔ ስልኩን ስገዛ ልጁ «ጂሜይል አለህ?» አለኝ፤ «ምንድነው እሱ» አልኩት፤ በሁለት ደቂቃ ከፍቶ ሰጠኝ። ፓስወርዱ ስሜና 1234 ነበር። አሁን ያለው ልጅ ቁጥሩን ሲያይ ሳቀ። «ኦ ይሄማ የድሮው ልጅ ሲም ነው። ያኔ ለሁሉም ደንበኛ እሱን ነበር የምናስገባው። ገበሬው ፓስወርዱን ረስቶ ሲመጣ ቶሎ እንድንከፍትለት ብለን እኮ ነው።»

ሲሙስ አሁን የት ነው? «እንጃ፣ ልጁ ሥራ ለቋል። ስልኩን ከነሲሙ ሸጦት ይሁን ጥሎት...»

ለሁሉም ደንበኛ! ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ፣ ጤፉን ሸጦ ስልክ የገዛው ሁሉ፣ ለልጇ ላብ ጠብ አድርጋ ስልክ የገዛችው እናት ሁሉ፣ መምህሩ፣ ነርሷ፣ ቄሱ፣ ሁሉም የአንድ ሲም ምርኮኛ ነው። ያ ሲም በማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ የለም። ልጁ ሌባ ነው አላልኩም። ምናልባት ሲሙን የገዛው ነው፣ ምናልባት ቁጥሩ ሳይሠራ ቆይቶ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነው፣ ምናልባትም የእኔው ሌባ በሌላ በር ነው መጀመሪያ የገባው። ግን እንዲህ ያለ ልማድ ይዘን «ማን ጠለፈን?» ብለን መጠየቃችን ራሱ ያሳፍራል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኛ እኮ አለመጠርጠር ብቻ አይደለም፣ ለመንጣሪው መጥረቢያ ስለን ነው የሰጠነው።

ስልክ ቤቶች ሆይ፣ «ለደንበኛ አስበን ነው» አትበሉኝ። ለደንበኛ ያሰበ የደንበኛውን ቁጥር ያስገባል፣ ፓስወርዱን ራሱ ሰውየው እንዲጽፍ ስልኩን አዙሮ ይሰጠዋል፣ እሱ ሲጽፍ ደግሞ ፊቱን ያዞራል። መጻፍ የማይችል ከሆነ ልጁን ይዞ ይምጣ። ሁለት ደቂቃ የነበረው አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ይፍጅ! የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ የሰው ኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ መግባትን እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር የሚያስቀጣ ወንጀል ያደርገዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፣ ቁጥሩ 1321። የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ ኃላፊነት አለበት ይላል። ሕግማ አለን። እኔ አቤት ያልኩበት ቦታ የተቀበለኝ ሰው ግን «አካውንትህን ማን እንደጠለፈው ታውቃለህ?» አለኝ። ባውቅማ እዚህ ምን አመጣኝ?

አሁን ደግሞ «ባክህ ተወው፣ የሚጠልፈን መንግሥት ነው፣ ከመንግሥት ጋር ምን ታደርጋለህ» ወደሚለው ወገን ልምጣ። ይሄ አባባል ከሜዳ አልመጣም፤ እውነት አለበት። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ የሚባል የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሪፖርት የኢሳት ጋዜጠኞች በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ የስለላ ሶፍትዌር እንደተላከባቸው አሳይቷል። ሶፍትዌሩ የጣሊያኑ የሃኪንግ ቲም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሃኪንግ ቲም ራሱ ተጠለፈና (አዎ፣ ጠላፊው ተጠለፈ) 400 ጊጋባይት የሚሆን ሰነዱ ሲዘረገፍ፣ ኢንሳ 1 ሚሊዮን ዶላር እንደከፈለው ታየ። በ2017 ደግሞ እነ ጃዋር መሐመድ ሳይበርቢት በተባለ የእስራኤል ኩባንያ ሶፍትዌር ዒላማ እንደተደረጉ ያው ተቋም አሳወቀ። ሜሪላንድ የሚኖር ኪዳኔ በሚል የብዕር ስም የተጠራ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ኮምፒውተሩ ለወራት ሲሰለልበት ኖሮ የኢትዮጵያን መንግሥት አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2017 የውጭ መንግሥትን በዚህ ልንዳኘው አንችልም ብሎ ዘጋበት። አገር ቤትም በ2006 ዓ.ም. ዞን ዘጠኝ ጦማሪዎች ሲታሰሩ ኢሜይላቸውን ከጠላፊ ለመጠበቅ መሠልጠናቸው ራሱ በክሱ ውስጥ እንደ ጥፋት ተቆጥሮባቸው ነበር። በሩን የቆለፈ ሰው «ምን ደብቀህ ነው» የተባለበት ጊዜ ነው።

ይህን ሁሉ አልክድም። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ያ 1 ሚሊዮን ዶላር የተከፈለበት መሣሪያ እንዴት ገባ? ግድግዳ ሰርስሮ ነው? አይደለም። ፋይል አስመስለው ላኩ፣ እባክህ ክፈተኝ አለ። በእነ ጃዋር ላይ የተላከው ቪዲዮ ለማየት መጀመሪያ ፍላሽ ማጫወቻ ጫን የሚል ገጽ ነበር። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2016 የሂላሪ ክሊንተን የምርጫ ዘመቻ ሊቀ መንበር የነበረው ጆን ፖዴስታ ኢሜይሉ የተዘረፈው ከጉግል የመጣ በሚመስል «ፓስወርድህን ቀይር» በሚል ደብዳቤ ነው። መንግሥት እንኳ፣ ያን ሁሉ ገንዘብ ይዞ፣ በር አንኳኩቶ ነው የሚገባው። ታዲያ «መንግሥት ነው» ብለህ እጅህን ስትሰበስብ ማንን ነው የጠቀምከው? የእኔን እናት ሞት የነገደባት መንግሥት አይደለም። በርካሽ ስልክ የተቀመጠ አንድ ቦዘኔ ነው፤ «ምን ታደርጋለህ» የምትለዋ ቃል ደግሞ ለእሱ እንጀራ ናት።

መንግሥትን የምወቅሰው በሌላ ነው። ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር እናንተው ታውቃላችሁ። ስለ ሌላው ጉዳቱ ብዙ ተብሏል። ስለዚህኛው ግን የተናገረ አላየሁም፦ እነዚህ የኢሜይል ኩባንያዎች ጥበቃቸውን ሁሉ የሠሩት ሰው በየቀኑ ኢንተርኔት ያገኛል ብለው ነው። ማስጠንቀቂያ ይልካሉ፣ መልስ ይጠብቃሉ። ለምሳሌ ጉግል የመልሶ ማግኛ ስልክ ሲቀየር በድሮው ቁጥር ለሰባት ቀን ያህል ኮድ ማግኘት ይቻላል፤ የተዘረፈ ሰው ቶሎ ነቅቶ እንዲመልስ። ሰባት ቀን! እኛ ቁይ ላይ ሰባት ቀን አይደለም... ይቅር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሌባው አዲስ አበባ ይሁን ናዝሬት ዋይፋይ እየጠጣ አካውንቴ ውስጥ ይንፈላሰሳል፤ ባለቤቱ ተራራ ላይ ወጥቶ ኔትወርክ ይለምናል። ሁለተኛው ጠለፋ የደረሰው ያኔ ነው። ኔትወርክ ሲመለስ ያገኘሁት የራሴን ስልክ «ፓስወርዱ የተሳሳተ ነው» ሲለኝ ነው።

ከዚያስ? ከዚያማ ሞኝነቴን ደገምኩት። ቴሌግራም ላይ «የተጠለፈ አካውንት እናስመልሳለን» የሚል አገኘሁ። 1,500 ብር ላክ አለኝ፣ ላክሁ። «አሁን ስልክህ ላይ የሚመጣውን ኮድ ንገረኝ» አለኝ፣ ነገርኩት። ቴሌግራሜንም ይዞት ሄደ። አትሳቁ። ወይም ሳቁ፣ ይገባኛል።

እኛ መምህራንም ከዚህ አናመልጥም። ስንቶቻችን ነን የተማሪ ስም ዝርዝር፣ የልደት ቀን፣ የወላጅ ስልክ ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ኢሜይላችንን ከፍተን አትመን፣ ሳንዘጋው የወጣን? እኔ ራሴ ወጥቻለሁ፤ ወደ አካውንቴ የገቡ መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ሦስት የማላውቃቸው ኮምፒውተሮች አግኝቻለሁ፣ አንዱ በእርግጠኝነት ፈተና የማሳትምበት ቤት ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወጥቶ ሲሰረዝ አገር ሙሉ ያለቀሰውን አስታውሱ። ያ በኢሜይል ነው አላልኩም፤ የወጣ ፈተና ምን እንደሚያስከፍል ግን አይተናል። ደግሞስ ልጆቹ የዩኒቨርሲቲ ምርጫቸውን የሚያስሞሉት የት ነው? እዚያው ቤት፣ ለዚያው ልጅ ቁጥራቸውን ሰጥተው። አሥራ ሁለት ዓመት የለፋበትን በሁለት ደቂቃ ለማያውቀው ሰው ይተውለታል። እኛስ ምን አልናቸው? «ቶሎ አስሞሉ፣ ቀኑ እንዳያልፍ።»

አሁን የእኔ ምን ላይ ነው ለምትሉኝ፦ የመልሶ ማግኛው ስልክ የእኔ ሆኗል። ማጣሪያውን አጥፍተናል፣ ግልባጭ መላኪያውን ዘግተናል፣ የማላውቃቸውን መሣሪያዎች አስወጥተናል፣ ፓስወርዱን የቀየርነው መጨረሻ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ እኔ ሦስቱንም ጊዜ ከመጨረሻው ስለጀመርኩ ነው የተሸነፍኩት። ሁለተኛ ማረጋገጫ አድርገናል፣ በኤስኤምኤስ ሳይሆን ስልኩ ራሱ ኮድ በሚሠራበት አፕ፤ ኔትወርክ ባይኖርም ኮድ ይሰጣል፣ ለእኛ አገር የተሠራ ይመስላል። ጉግል ደግሞ ስልክ ቢጠፋ የሚያገለግሉ ስምንት ስምንት አሃዝ ያላቸው አሥር ኮዶች ይሰጣል። በወረቀት ጽፌ እናቴ ሳጥን ውስጥ፣ ቀሚሷ ሥር አስቀምጫቸዋለሁ። ያንን ሳጥን የሚጠልፍ ገና አልተወለደም።

ያሮጌ ያሁ አካውንት ያላችሁ ጓዶች ደግሞ፣ የያሁ ሦስት ቢሊዮን አካውንቶች በሙሉ መረጃቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ተዘርፎ እንደነበር ኩባንያው ራሱ በ2017 አምኗል። ያኔ የነበረችውን ፓስወርድ ዛሬም ለፌስቡክ የምትጠቀሙባት ካላችሁ፣ እናንተን ነው የማናግረው።

አርብ ከትምህርት በኋላ ኮምፒውተር ክፍሉን አስፈቅጃለሁ። ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፣ በኮምፒውተር ከፍተን የመልሶ ማግኛ ቁጥራችሁ በስንት እንደሚያልቅ እናያለን። ፓስወርዳችሁን ለእኔም እንዳትነግሩኝ። በ47 የሚያልቅ ያገኘ ሰው ግን ይጥራኝ።

የአክስቴ ልጅ የ18 ሺህ ብሩን ነገር አንስታብኝ አታውቅም። ስደውልላት ግን ሰላምታዬን አትቀበልም፤ «መጀመሪያ እትዬን በድምጽ አገናኘኝ» ትላለች። እናቴም ስልኩን ተቀብላ «አለሁ፣ አልሞትኩም» ካለች በኋላ ነው ወሬ የምንጀምረው።